ቸኳዩ ጸሐፊ፦ የቫይረስ ስሕተት ስለምን የፊዚክስ ጉዳይ ሆነ?

የክትባት ዘመቻ በታወጀበት ሰሞን የጤና ሠራተኞች በረዶ የያዘ ሣጥናቸውን በትከሻቸው አንግተው ከቤት ወደ ቤት ሲዞሩ ያላየ አንባቢ ይኖራል ብለን አንገምትም። የሕፃኑን አፍ ያስከፍታሉ፣ ሁለት ጠብታ ጠብ ያደርጉለታል፣ የጣቱን ጫፍ በቀለም ነክተው ወደሚቀጥለው ደጃፍ ያልፋሉ። ነገሩ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ለልጅነት ልምሻ (ለፖሊዮ) መከላከያ በአገራችንም ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የዓይነት 2 ክትባት በውስጡ የያዘው የተዳከመ ቫይረስ ከቀድሞው የተለየ ነው። ቫይረሱ ራሱን የሚቀዳበት ኢንዛይም ሆን ተብሎ በሁለት ቦታ ላይ እንዲለወጥ ተደርጓል። ዓላማውም ቫይረሱ ራሱን ሲቀዳ ስሕተቱ እንዲቀንስና ከሌላ ቫይረስ ጋር እንዳይቀላቀል ነው። የፊዚክስ መምህር ሆነን ሳለ ስለ አንድ የቫይረስ ኢንዛይም ለመጻፍ መነሣታችን የሚያስገርመው አንባቢ ቢኖር፣ «ስሕተት» የሚለው ቃል እዚህ ላይ በጁል ሊለካ የሚችል ነገር መሆኑን እናሳየዋለን።

ይህንኑ ጉዳይ በአንድ የቴርሞዳይናሚክስ ክፍለ ጊዜ ባነሣንበት ዕለት ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ ይህ የባዮሎጂ ትምህርት አይደለም ወይ? ለመሆኑ ፈተና ላይ ይመጣል?» ሲል ጠየቀን። ክፍሉ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። በፊዚክስ ክፍል ከሚቀመጡት ተማሪዎች ስንቶቹ ወደዚህ የመጡት በምርጫቸው ሳይሆን በምደባ እንደሆነ የሚያውቅ መምህር የዚያን ተማሪ ድምፅ ለይቶ ይሰማዋል። ሌሎች ጓደኞቹ ሰው የሚያድን ሙያ ሲማሩ እርሱ በተዳፋት ላይ የሚንሸራተት ሣጥን ሲያሰላ የሚውል ይመስለዋል። እኛም ብንሆን ነጻ አይደለንም። ለዶክትሬት ጥናታችን ውጭ አገር ሳለን የሲንክሮትሮን ጨረር ለመጠቀም ተራ ስንጠብቅ ከፊታችን ተሰልፈው ከምናገኛቸው ተመራማሪዎች ብዙዎቹ የቀዘቀዘ የፕሮቲን ክሪስታል የያዙ የባዮሎጂ ሰዎች ነበሩ። «እነዚህ ሰዎች ጊዜያችንን ወሰዱብን» እያልን ከማጉረምረም በቀር ምን እንደሚሠሩ ጠይቀናቸው አናውቅም። ዛሬ የምንቆጭበት ነገር ነው።

እንግዲህ ወደ ኢንዛይሙ እንግባ። የፖሊዮ ቫይረስ የዘር መልእክቱን የሚይዘው በዲ ኤን ኤ ሳይሆን 7,500 ያህል ፊደላት ባሉት አንድ የአር ኤን ኤ ክር ላይ ነው። የሰው ሕዋስ አር ኤን ኤን የሚሠራው ከዲ ኤን ኤ ላይ እየቀዳ ስለሆነ ይህን የመሰለውን እንግዳ ክር በሙሉ የሚገለብጥለት መሣሪያ የለውም። ስለዚህ ቫይረሱ የመሣሪያውን አሠራር በራሱ መልእክት ውስጥ ጽፎ ይዞ ይመጣል፤ ሕዋሱም ሳያውቅ ይሠራለታል። ይህ መሣሪያ መኖሩ የታወቀው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዴቪድ ባልቲሞርና ሪቻርድ ፍራንክሊን በቫይረስ በተያዙ ሕዋሳት ውስጥ ከቀድሞው የተለየ አር ኤን ኤ የሚሠራ ኢንዛይም ባገኙ ጊዜ ነበር። አር ኤን ኤን ከአር ኤን ኤ ላይ የሚቀዳ ስለሆነ የአር ኤን ኤ ፖሊሜሬዝ ይባላል።

መልኩን ለማወቅ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ1997 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የፖሊዮን ፖሊሜሬዝ ክሪስታል በራጅ ጨረር አጥንተው የመጀመሪያውን ሥዕል አወጡ። ያ ሥዕል የተወሰኑ ክፍሎች ይጎድሉት ነበር፤ የተሟላው የወጣው በ2004 ነው። አንባቢ ቀኝ እጁን ብርጭቆ እንደጨበጠ አድርጎ ቢዘረጋ የኢንዛይሙን ቅርጽ አገኘው ማለት ይቻላል። ሳይንቲስቶቹም ክፍሎቹን መዳፍ፣ ጣቶችና አውራ ጣት ብለው ሰይመዋቸዋል። በብዙዎቹ ዲ ኤን ኤን በሚቀዱ ኢንዛይሞች ላይ እጁ የተከፈተ ሲሆን በአር ኤን ኤ ቫይረሶች ዘንድ ግን የጣቶቹ ጫፎች ተዘርግተው አውራ ጣቱን ይነካሉ። ስለሆነም መዳፉ ዙሪያውን የታጠረ ጓዳ ይሆናል። የሚቀዳው ክር በአንድ በኩል ይገባል፣ አዲሶቹ ፊደላት (ኑክሊዮታይዶች) በሌላ ቀዳዳ እየተንሳፈፉ ይደርሳሉ፣ የተጠናቀቀው ጥምር ክር ደግሞ በፊት በኩል ይወጣል።

የፖሊዮ ፖሊሜሬዝ የተሠራው ከ461 አሚኖ አሲዶች ሲሆን የሥራው እምብርት መዳፉ ላይ ነው። በ233ኛውና በ328ኛው ቦታ የሚገኙት ሁለት አስፓርቴቶች ሁለት የማግኒዚየም አዮኖችን ይይዛሉ። አንደኛው አዮን የክሩን ጫፍ ለውሕደት ያዘጋጃል፤ ሁለተኛው ደግሞ የመጪውን ኑክሊዮታይድ ሦስት ፎስፌቶች አስተካክሎ ይይዛል፣ ሁለቱ ተቆርጠው ሲወጡም የአሉታዊ ሙላቱን ያቻችላል። ነገሩ ንጹሕ ኤሌክትሮስታቲክስ ነው። በ328ኛው ቦታ አጠገብ ያለው የግላይሲን፣ የአስፓርቴትና የአስፓርቴት ተራ ከቫይረስ ወደ ቫይረስ ብዙም ሳይለወጥ ይገኛል። በ2020 ዓለምን ያስጨነቀው የኮሮና ቫይረስ ኢንዛይም ግላይሲኑን በሴሪን ከመተካቱ በቀር ሁለቱን አስፓርቴቶች እንደያዘ ነው። የእርሱ መልክ በክሪስታል ሳይሆን በተቀዘቀዘ ናሙና የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የታየ ሲሆን፣ የቫይረሱ የዘር መልእክት በጥር ወር ታውቆ ሥዕሉ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ታትሟል። ለፖሊዮ ሠላሳ ዓመት የፈጀው ለዚህኛው ሦስት ወር በቃው። ራጁም ማይክሮስኮፑም ከፊዚክስ ቤት የወጡ መሣሪያዎች መሆናቸውን ማንም ያውቃል። እኛ የምንለው ግን ከዚህ ያልፋል። ፊዚክስ መሣሪያ አቅራቢ ብቻ አይደለም፤ ኢንዛይሙ የሚሠራውን ሥራ ራሱን የሚገዛ ሕግ ነው።

ኢንዛይሙ ፊደል አያነብም። ዐይንም አእምሮም የለውም። ኑክሊዮታይዶቹ በሙቀት እየተናወጡ ወደ ጓዳው ይገባሉ። አራት ዓይነት ስለሆኑ የሚገቡት አብዛኞቹ የማይፈለጉት ናቸው። ትክክለኛው ከተሳሳተው የሚለየው በነጻ ኃይል ልዩነት ብቻ ነው። እስቲ እናስላ። በሰውነት ሙቀት፣ ማለትም በ310 ኬልቪን፣ የጋዝ ቋሚው በሙቀቱ ሲባዛ 2.58 ኪሎጁል በሞል ይሆናል። የቦልትዝማን ሕግ እንደሚያስተምረን ትክክለኛው ከተሳሳተው አሥር እጥፍ እንዲመረጥ ከተፈለገ 5.9 ኪሎጁል ያህል ልዩነት ያስፈልጋል፤ ለመቶ እጥፍ 12፣ ለዐሥር ሺህ እጥፍ 24 ገደማ። በውሃ ውስጥ ፊደላቱ በራሳቸው ሲጣመሩ በትክክለኛውና በተሳሳተው መካከል ያለው ልዩነት ቢበዛ የመቶ እጥፍ ምርጫ የሚሰጥ ነው። የቫይረሶቹ ፖሊሜሬዞች ግን ከ10,000 እስከ 100,000 ፊደላት አንድ ጊዜ ያህል ነው የሚሳሳቱት። ቀሪው ከየት መጣ?

ከእጁ ነው። ትክክለኛ ጥንዶች ሁሉ ስፋታቸው አንድ ዓይነት ነው፤ የተሳሳተ ጥንድ ግን ወደ ጎን ያፈነግጣል ወይም ይሰፋል። ትክክለኛው ሲገባ የመዳፉ ክፍል ጠጋ ብሎ ይዘጋል፣ አስፓርቴቶቹና ማግኒዚየሞቹ ቦታቸውን ይይዛሉ፣ ውሕደቱም ይፈጸማል። የተሳሳተው ሲገባ መዳፉ በደንብ አይዘጋም፤ ሳይዘጋ በቆየበት ቅጽበትም ሙቀቱ እያናወጠ ያስወጣዋል። ስለዚህ ምርጫው የሚካሄደው በመጠበቅ ነው። ረዘም አድርጎ የሚጠብቅ ኢንዛይም የተሳሳተውን ለማስወጣት ጊዜ ያገኛል፣ ነገር ግን ሥራው ይዘገያል። ቶሎ የሚዘጋ ኢንዛይም ብዙ ይሠራል፣ ብዙም ይሳሳታል። ፍጥነትና ጥራት አንዱ በሌላው ዋጋ የሚገዛ ነው።

ይህን ዓይነቱን ሒሳብ እ.ኤ.አ. በ1974 ጥርት አድርጎ የጻፈው ጆን ሆፕፊልድ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ነው፤ በ2024 በሌላ ሥራው የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የተሰጠው ሰው። ሆፕፊልድ ያሳየው ነገር ቀላል ነው። ኃይል የሚያስወጣ እርምጃ በመሐል አስገብቶ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ የሚፈትሽ ሥርዓት ስሕተቱን በራሱ ያባዛዋል፤ ከመቶ አንድ የነበረው ከዐሥር ሺህ አንድ ይሆናል። ጥራት በነጻ አይገኝም፣ በኃይል ይከፈልበታል።

አሁን «ቫይረሱ ከሰውነት መከላከያና ከመድኃኒት ለማምለጥ ራሱን ይለዋውጣል» የሚለውን የተለመደ ዓረፍተ ነገር እንመርምር። በመማሪያ መጻሕፍትም በጋዜጦችም ተደጋግሞ ይነበባል፤ በእኛ እምነት ግን ተማሪን የሚያሳስት አነጋገር ነው። ቫይረሱ የሚያመልጥለት ዓላማ የለውም። የሚቸኩል ጸሐፊ አለው፤ ጸሐፊው ስለሚቸኩል ይሳሳታል፤ ከስሕተቶቹ አብዛኞቹ ቫይረሱን ይጎዱታል ወይም ምንም አያመጡም፣ ጥቂቶቹ ግን በአጋጣሚ ይጠቅሙታል። ለውጡ የብልጠት ፍሬ ሳይሆን የፍጥነት ዋጋ ነው።

«ይህ የቃላት ጨዋታ ነው» የሚሉን ባልደረቦች አሉ። አይደለም፤ በሙከራ የተፈተነ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በኢንዛይሙ 64ኛ ቦታ ላይ ግላይሲን በሴሪን የተተካበት የፖሊዮ ቫይረስ ተገኘ። ይህ ቦታ ጣቶቹ ላይ እንጂ መዳፉ ላይ አይደለም፤ ከማግኒዚየሞቹ የራቀ ነው። ሆኖም ያች አንዲት ለውጥ የመዳፉን አዘጋግ ስለምትነካ ቫይረሱ ከወትሮው ያነሰ ስሕተት የሚሠራ ሆነ። ጠንቃቃ ጸሐፊ ያለው ቫይረስ ይበረታል ብለን ብንጠብቅ አያስፈርድብንም። በ2006 የታተመው ጥናት ግን በአይጦች ላይ የተገላቢጦሹን አሳየ፤ ጠንቃቃው ቫይረስ ደከመ። አጥኚዎቹ ምክንያቱን ሲያስረዱ ብዝኃነቱ ስለቀነሰበት ነው አሉ፤ ከተለያዩት ቅጂዎቹ መካከል የሚረዳዱ ነበሩና። ማብራሪያው ማራኪ ስለነበረ በሰፊው ተወራለት። በ2018 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ ቫይረስ እንደገና መርምረው የደከመው በዋናነት ስለዘገየ ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሱ፤ ጥራቱን ያገኘው ፍጥነቱን ከፍሎ ነውና። ክርክሩ ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል አንልም፤ ሚዛናችን ግን ወደ ሁለተኛው ያደላል። የፊዚክስ ሰው ስለሆንን ይሆናል፤ ይህን አንደብቅም።

ሌላም ገደብ አለ። ጀርመናዊው ማንፍሬድ አይገን በ1971 እንዳሳየው የመልእክቱ ርዝመት ከስሕተቱ መጠን ጋር ሲባዛ ከአንድ ብዙ ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ መልእክቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየደበዘዘ ይጠፋል። 7,500 ፊደላት ላሉት ፖሊዮ ከ10,000 አንድ ስሕተት ሲሆን ውጤቱ 0.75 ነው፤ ገደሉ አፋፍ ላይ የቆመ ቫይረስ ማለት ነው። ሪባቪሪን የተባለው መድኃኒት በ2000 እና በ2001 በፖሊዮ ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ስሕተቱን ጨመር ሲያደርግበት ቫይረሱ ከአፋፉ ወደቀ። ታዲያ 30,000 ያህል ፊደላት ያሉት የኮሮና ቫይረስ እንዴት ይኖራል? በብራና ላይ የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ የተሳሳተውን ቃል በምላጭ ፍቆ እንደሚያርመው፣ ኮሮና ኤንኤስፒ14 የሚባል ምላጭ አለው። ይህ ሌላ ኢንዛይም የተሳሳተውን ፊደል ከክሩ ጫፍ ቆርጦ ያወጣል። በአይጥ ኮሮና ቫይረስና በመጀመሪያው ሳርስ ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ምላጩ ሲወሰድበት ስሕተቱ ከ15 እስከ 20 እጥፍ ጨምሯል። የአይገንን ብዜት ሠርቶ መልእክቱ የረዘመ ቫይረስ አራሚ እንደሚያስፈልገው መገመት ለአንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እንኳ የሚከብድ አይደለም።

ወደ ጠብታው እንመለስ። በአገራችን በዱር ቫይረስ የተከሰተው የመጨረሻው የልጅነት ልምሻ በ2014 መጀመሪያ ላይ የታየ ነው። በ2019 ግን በሶማሌ ክልል ከክትባት የመነጨ ዓይነት 2 ቫይረስ ልጅ አሽመደመደ። ክትባት እንዴት ሽባ ያደርጋል? አሮጌው የአፍ ክትባት ሕያው ቫይረስ ሲሆን ዓይነት 2ን ያዳከሙት ዋና ዋና ለውጦች ሁለት ብቻ ነበሩ። ብዙ ያልተከተቡ ልጆች ባሉበት አካባቢ ቫይረሱ ከልጅ ወደ ልጅ ረዥም ጊዜ ሲዘዋወር ቸኳዩ ጸሐፊ ከስሕተቶቹ በአንዱ ወደ ድሮው ኃይሉ ይመልሰዋል። በተለይም በመልእክቱ መግቢያ ላይ ያለች አንዲት ፊደል ቶሎ ትገለበጣለች።

የአሜሪካና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በጋራ የሠሩት ኤንኦፒቪ2 የተባለው አዲሱ ክትባት ይህንን ለመከላከል የታነጸ ነው። በመግቢያው ላይ ያለው እጥፋት ወደ ኃይሉ ለመመለስ በአንድ ፊደል ለውጥ እንዳይበቃው፣ ሁለት ትክክለኛ ስሕተቶች በአንድ ጊዜ እንዲያስፈልጉት ሆኖ ተጽፏል። የአንዱ ዕድል ከ10,000 አንድ ከሆነ የሁለቱ በአንድነት ከመቶ ሚሊዮን አንድ ነው። ከዚህ በተጨማሪ በኢንዛይሙ 53ኛ ቦታ ላይ አስፓርቴቱ በአስፓራጂን ተተክቷል፤ ይህ ጥራቱን ይጨምራል። በ38ኛው ቦታ ላይ ላይሲን በአርጂኒን ተተክቷል፤ ይህ ደግሞ ጸሐፊው የጀመረውን ቅጂ እንደያዘ ወደ ሌላ ቫይረስ ክር እንዳይዘልል ያደርገዋል። የዓለም የጤና ድርጅት በኅዳር 2020 ለአስቸኳይ ጊዜ አገልግሎት ፈቀደው፤ በ2023 መጨረሻም ሙሉ ዕውቅና ሰጠው። ፍጹም ነው እያልን አይደለም። በ2023 በኮንጎ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክና በቡሩንዲ ከዚሁ ከአዲሱ ክትባት የመነጩ ጥቂት ወረርሽኞች ታይተዋል። ከአሮጌው እጅግ ያነሰ ይሁን እንጂ ዜሮ አይደለም፤ ከቦልትዝማን ሕግ ዜሮ ማንም አይጠብቅም። የክትባቱ ሽፋን ዝቅተኛ በሆነበት ቦታ ሁሉ ጸሐፊው ለመሳሳት በቂ ጊዜ ያገኛል።

ታዲያ ይህ የየትኛው ትምህርት ክፍል ጉዳይ ነው? የባዮሎጂ ተማሪ «አራሚ ስለሌለው ይሳሳታል» ብሎ በቃሉ ይዞ ይወጣል፤ ስንት ጊዜ፣ ለምንስ ያን ያህል እንደሆነ አይጠየቅም። የፊዚክሱ ተማሪ የቦልትዝማንን ቀመር ጽፎ ስለ ተመናመነ ጋዝ አስልቶ ይወጣል፤ ቀመሩ በጎረቤት ሕፃን አንጀት ውስጥ እየሠራ መሆኑን የሚነግረው የለም። በአንድ ወቅት ሁለቱን ክፍሎች የሚያገናኝ አንድ ኮርስ እንዲከፈት ሐሳብ አቅርበን «የየትኛው ክፍል የክሬዲት ሰዓት ይቀነስ?» በሚል ጥያቄ ላይ ስብሰባው ተበትኗል። የክሬዲት ሰዓት ክርክር ከቫይረስ ይልቅ ዕድሜ እንዳለው ያን ዕለት ተረዳን። ኮርሱ እስኪከፈት መጠበቅ ግን አያስፈልግም። የእነዚህ ኢንዛይሞች የእያንዳንዱ አቶም ቦታ በዓለም አቀፉ የፕሮቲን መዝገብ ውስጥ ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ኢንተርኔት ያለው ተማሪ አውርዶ እጁን ማዞር፣ ማግኒዚየሞቹን መፈለግ፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት መለካት ይችላል።

«ፈተና ላይ ይመጣል ወይ?» ያለን ተማሪ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢሯችን መጣ። ስሌቱን ሞክሮት አልሆነለትም ነበር፤ ስናየው በሙቀቱ ቦታ 310 ማስገባት ሲገባው 37 አስገብቷል። አረመውና ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ «መምህር፣ ልጁ ትኩሳት ቢኖረውስ? 40 ዲግሪ ቢደርስ?» አለን። አብረን ሠራነው። የኃይሉ ልዩነት ካልተለወጠ በ313 ኬልቪን ከ10,000 አንድ የነበረው ስሕተት ከ9,150 አንድ ገደማ ይሆናል። «ትንሽ ነው» አልነው። እርሱ ግን 0.75ን በዚያው ጭማሪ አባዝቶ 0.82 ካገኘ በኋላ ወረቀቱን ለረዥም ጊዜ ትክ ብሎ ተመለከተው፤ ከዚያም ሕዋስ የሚያራቡት የባዮሎጂ መምህር ቢሯቸው የት እንደሆነ ጠየቀን።